ተወጥሮ የሚጠብቅ ጦር፦ የአር-ፓዮሲን አሠራር

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ዲኤንኤው ሲጎዳ ዘመዶቹን የሚገድል የፕሮቲን መሣሪያ ይሠራል፤ አር-ፓዮሲን ይባላል። ጭንቅላት አልባ ፌጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) በሉት፤ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነው። ዲኤንኤ አይሸከምም፣ ስለዚህም አይራባም። ፓዮሲንን መጀመሪያ የገለጸው ፍራንሷ ዣኮብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954።

በእኔ እይታ ስለዚህ መሣሪያ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ሲተኮስ ኤቲፒ (የሴሎች የጉልበት ሞለኪውል) አያቃጥልም። ጉልበቱ ገና ሲገጣጠም፣ እንደተወጠረ ሞላ፣ በአካሉ ውስጥ ይቀመጣል።

ርዝመቱ 120 ናኖሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ ግትር ቱቦ አለ፤ ቱቦውን ከውጭ አፎት ይሸፍነዋል። አፎቱ 28 ቀለበቶች ተደራርበው የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ቀለበት 6 ፕሮቲኖች አሉት። የእነዚህ ፕሮቲኖች ጫፎች ወደ ጎረቤቶቻቸው ተዘርግተው ስለሚጠላለፉ አፎቱ ሲኮማተር አይበታተንም። ከታች ግርጌው፣ የግርጌው መሐል ላይ ሹሉ፣ ዙሪያውን ደግሞ 6 ክሮች አሉ።

ክሮቹ በዒላማው ባክቴሪያ ገጽ ላይ የሊፖፖሊሳካራይድ (የውጨኛው ሽፋን የስብና የስኳር ውህድ) ስኳሮችን ይይዛሉ። ያኔ ግርጌው ቅርጹን ይለውጣል፤ ቃታው ተሳበ ማለት ነው። ለግርጌው የሚቀርበው ቀለበት ይዞርና ይጨመቃል፣ ቀጣዩን ያስከትላል፣ እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይደርሳል። የዚሁ ዘመድ በሆነው የቲ4 ፌጅ አፎት ላይ በሁለት ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት ከ4.1 ወደ 1.6 ናኖሜትር ይወርዳል። አፎቱ እያጠረና እየወፈረ ሲሄድ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ከእሱ ጋር የተያያዘው ቱቦ ግን አያጥርም፤ ወደ ታች ተገፍቶ ሽፋኑን ይበሳል። መርዝ አይረጭም። የውስጠኛው ሽፋን መበሳቱ ብቻ ይበቃል፤ አየኖች ይፈስሳሉ፣ የሽፋኑ ኤሌክትሪካዊ ልዩነት ይጠፋል፣ ሴሉ ይሞታል። አንዲት ቅንጣት አንድ ሴል ለመግደል ትበቃለች። የተኮሰች ቅንጣት ግን ዳግም አትወጠርም።

በላቦራቶሪ ውስጥ ዋናው ጭንቀት ታዲያ ሳይተኮስ ማቆየት ነው። በማደግ ላይ ባለ የባክቴሪያ እርባታ ላይ በሚሊ ሊትር 3 ማይክሮግራም ማይቶማይሲን ሲ፣ ዲኤንኤን የሚጎዳ መድኃኒት፣ ይጨመራል። ከ2 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ሠሪው ባክቴሪያ ራሱ ፈንድቶ ነው መሣሪያውን የሚለቀው። የፈሰሰው ዲኤንኤ ፈሳሹን ዝልግልግ ስለሚያደርገው ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም፣ ዲኤንኤዝ፣ ይገባበታል። ፍርስራሹ በ17,000 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ) ለ1 ሰዓት በማሽከርከር ይወገዳል። ከዚያ ፕሮቲን የሚያዘቅጥ ጨው፣ አሞኒየም ሰልፌት፣ በውሃ ተሟሙቶ ቀስ ተብሎ፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ መጨረሻው 1.6 ሞላር እስኪሆን ይጨመርና በ4 ዲግሪ ያድራል። ከተቸኮለ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በትሪስ ቡፈር ተሟሙቶ በ60,000 ጂ ለ1 ሰዓት እንደገና ይሽከረከራል። ዝቃጩን በፒፔት አጥብቆ መምታት አይመከርም፤ በቡፈሩ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይፈታ።

የፕሮቲን መጠን መለካት ብቻውን ያሳስታል፤ የተኮሰውም ያልተኮሰውም እኩል ይቆጠራልና። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያልተኮሰው ረጅምና ቀጭን ነው፤ የተኮሰው አጭርና ወፍራም አፎት ሆኖ ከታቹ እርቃኑን የወጣ ቱቦ ይታይበታል።

ገዳይነቱን ለመፈተሽ አሥር አሥር እጥፍ እየቀጠነ በባክቴሪያ ምንጣፍ (በሳህን ላይ ተዘርግቶ ባደገ ባክቴሪያ) ላይ ይንጠባጠባል። ፌጅ ቢሆን ኖሮ ሲቀጥን የተነጣጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር። ፓዮሲን ስለማይራባ ጥርት ያለው ክብ ቀስ በቀስ ደብዝዞ ይጠፋል። ማይቶማይሲን ራሱ ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ፓዮሲን የማይሠራ ዝርያ በተመሳሳይ መንገድ አልፎ ለማነጻጸሪያ መቅረብ አለበት።

ዒላማ የሚመርጡት ክሮቹ ናቸው። ክሩን በሌላ ፌጅ ክር በመተካት ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለውን በሽታ አምጪ የአንጀት ባክቴሪያ የሚገድል ፓዮሲን ተሠርቷል። አዲሱ ክር ግን በትክክል እንዲታጠፍ የሚረዳውን አጋዥ ፕሮቲን ይዞ መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ የሚወጣው ዒላማውን መያዝ የማይችል ጅራት ነው። ክሩ የሚይዘውን ስኳር የጣለ ባክቴሪያም ያመልጣል፤ ስለዚህ ክር ሲመረጥ ባክቴሪያው ያለ እሱ በሽታ ማምጣት የሚከብደውን ስኳር ማነጣጠር ይሻላል።