ማታ የሚደወለው ስልክ

የአንድ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ እንዴት እንደሚመራ ማወቅ የፈለገ ዓመታዊ ዕቅዱን ከሚያነብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ማን ማን እንደሚደውልለት ቢያይ ይሻለዋል። የአምቡላንስ ነዳጅ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የቀረ ተረኛ፣ የሪፈር ወረቀት። አብዛኛውን እዚያው ያለ ሰው ሊወስነው ይችላል። የሚደውለው መልሱ ጠፍቶት ሳይሆን ነገ እንዳይጠየቅበት ነው።

ግሪንሀውስና ቢዩቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. የሥራና የቤተሰብን ግጭት በሦስት ከፍለውት ነበር፤ ከጊዜ፣ ከጫናና ከጠባይ የሚመጣ ብለው። ስለ ጊዜው ሁሉም ያወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ጠባዩ ነው። ቀን ሙሉ ሲያዝ የዋለ ሰው ማታ ልጁ የቤት ሥራ ሲያሳየውም ማዘዙን ይቀጥላል። ይህን ደግሞ የዓመት ፈቃድ አይፈታውም።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ማታ የተደወለው ሁሉ ይመዝገብ፤ ማን ደወለ፣ ስለ ምን፣ ማን መወሰን ይችል ነበር። ከዚያ ለተረኛ ኃላፊ ውክልና ይሰጥ፣ በደብዳቤ። የቃል ውክልና ኦዲተር ፊት ዋጋ የለውም። ደብዳቤው የብር ጣሪያውን፣ የነዳጁን ሊትርና የግድ የሚያስደውሉትን ጥቂት ነገሮች ይጥቀስ፤ እሳት፣ የእናት ሞት፣ ብዙ ቁስለኛ ያስከተለ አደጋ።

ኦክስጅን እዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለበት አይመስለኝም፤ ቀድሞ ይሰላልና። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ አለው። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ አንድ ታካሚ 20 ሰዓት፣ 10 ሊትር ለሚወስድ 10 ሰዓት ይበቃል። ጠቋሚው 75 ባር ካሳየ ግማሹ ሄዷል። እስከ ጠብታ ድረስ መቁጠር ስለማይገባ ከስሌቱ ላይ ትንሽ ይቀነስ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይህ በየዋርዱ ቢሠራ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንም ከእንቅልፉ አይነሳም።

ውክልናው የሚፈርሰው በጠዋት ስብሰባ ላይ ነው። ተረኛዋ ሌሊት የወሰነችውን ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት «ማን ፈቀደልሽ?» ካላት በዚያው ሳምንት ስልኩ እንደ ድሮው መጮህ ይጀምራል። ብትሳሳት እንኳ ለብቻዋ ጠርቶ ማነጋገር፣ ውሳኔዋን ግን በስብሰባው ላይ መቀበል ይገባል።

አዲስ ሐሳብም የሚቀረው በዚሁ ጥያቄ ነው። የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንንሽ ለውጥ የማሻሻል ዘዴ፣ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የሚጽፍበት የለም። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ካርድ ቶሎ የሚገኝበትን ዘዴ ሲያመጣ «ለማኔጅመንት ይቀርባል» ይባልና ያልቃል። በአንድ ክፍል፣ ለሁለት ሳምንት፣ ያለ በጀት የሚሞከረውን የክፍሉ ኃላፊ ትፍቀድ። መድኃኒትንና ሕክምናን የሚነካ ከሆነ ብቻ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይሂድ።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። ማቆያው የቢሮ ሰዓት ሲያበቃ ከተዘጋ ግን የሌሊት ተረኛዋን ነርስ አይጠቅማትም። ለእሷ የሚረዳት ወሩ ከመግባቱ አሥር ቀን ቀድሞ የተለጠፈ የተረኛ ፕሮግራም ነው፤ ተራ መቀያየሩም በሁለቱ ሠራተኞችና በክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ያልቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሳይደርስ።