መውደቅን የተማርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት

ጁዶ የጀመርኩት በ38 ዓመቴ፣ ጀርመን በገባሁ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የምሠራው በፍራንክፈርት አቅራቢያ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲሆን፣ በዚያ ሥራ ከሁሉ አብልጠን የምንፈራው መውደቅን ነው። አንዲት አሮጊት ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሰፈሩ የጁዶ ክበብ ወስዶኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስተምሩኝ ሰው መጣልን ሳይሆን ራሴ መውደቅን መሆኑን ባየሁ ጊዜ እዚያው ለመቅረት ወሰንኩ።

አወዳደቁ የራሱ ሥርዓት አለው። አገጭ ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ዓይን የቀበቶውን ቋጠሮ ያያል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ ክንድም ከሰውነት ብዙ ሳይርቅ ምንጣፉን አጥብቆ ይመታል፤ በዚህም የመውደቁ ኃይል በአንድ ቦታ ላይ ከማረፍ ይልቅ በሰፊው ይበተናል። ሕፃናት ይህን ቶሎ ይለምዱታል። አዋቂ ሰው ግን መሬት ሲቀርበው እጁን ዘርግቶ ራሱን ለማዳን ይሞክራል፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረውም በዚሁ ነው። ይህን ልማድ ከሰውነቴ ለማስወጣት አራት ወር ፈጅቶብኛል። በልጅነቴ ከብት ስንጠብቅ ትግል እንገጥም ነበር፤ የወደቀ ተሸነፈ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። እዚህ ግን የሚወድቀው ሰው ልምምዱን የሚያስቀጥለው ሰው መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

የጀርመን የጁዶ ደረጃ ከነጭ ተነሥቶ በነጭና ቢጫ፣ በቢጫ፣ በቢጫና ብርቱካናማ፣ በብርቱካናማ፣ በብርቱካናማና አረንጓዴ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀበቶ አልፎ ቡናማው ላይ ይደርሳል። እነዚህ ደረጃዎች ኪዩ ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ከ9 ወደ 1 እየወረደ ይሄዳል። ከጥቁር ቀበቶ ጀምሮ ዳን ይባልና ቁጥሩ ወደ ላይ ይቆጠራል። የጁዶ መሥራች ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ትምህርት ቤቱን በቶኪዮ የከፈተው በ1882 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ዳኖች ለሁለት ተማሪዎቹ የሰጠው በማግሥቱ ዓመት ነው። የቀለማቱ ብዛት ግን በአውሮፓ የተስፋፋ ልማድ ነው። አንዳንዶች ይህን ለሕፃናት ማባበያ የተዘጋጀ አድርገው ይቆጥሩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ ሥራ ሊያስገኝልኝ አልቻለም። ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ ተፈትኜ ነጭና ቢጫውን ቀበቶ በወገቤ ላይ ባሰርኩበት ቀን፣ በዚህ አገር ከዜሮ ጀምሬ የሠራሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዝኖ ልክ ነው ተባለልኝ። ያን ምሽት ወደ ቤት ስመለስ ቀበቶውን በቦርሳዬ ሳይሆን በእጄ ይዤው ነበር።

ያኔ የ71 ዓመት አዛውንት የነበሩት አሰልጣኛችን የመጣሁበትን አገር እንደ ነገርኳቸው ያነሡት የአበበ ቢቂላን ስም ነው። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1964 በቶኪዮ ሲሆን፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው ጥቅምት 11፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ረታው። አሰልጣኜ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚተርኩልኝ። በክበቡ ሁሉም ሰው እርሳቸውን «አንተ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን አንደበቴ እሺ ስላላለኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ቆየሁ፣ እርሳቸውም አላረሙኝም።

እናቴ በስልክ ነገሩን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ አጥንትህ ቢሰበር በሰው አገር ማን ያስታምምሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በ2018 በልምምድ ላይ የጉልበቴ ጅማት ሲጎዳ፣ ከክሮኤሺያ የመጣው፣ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠኝ አናጺ የልምምድ ጓደኛዬ በመኪናው ሆስፒታል ወስዶኝ እስከ ሌሊቱ ድረስ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችንም ጀርመንኛ የምናወራው እየተንተባተብን ቢሆንም፣ የእርሱን ሚዛን የትኛው እግሩ እንደሚሸከመው በጁዶ ልብሱ አንገትጌ በኩል እጄ ያውቀዋል። በ2020 ወረርሽኙ ክበቦችን ሲያዘጋ ይህን ጓደኝነት ምን ያህል እንደምፈልገው ተረዳሁ። ብቻዬን መሮጥ፣ ብቻዬን ጡንቻ ማጠንከር እችል ነበር፤ ጁዶን ግን ብቻውን መሥራት የሚችል ማንም የለም። ለወራት ማንም ሰው ልብሴን ጨብጦ አልጎተተኝም።

ሰማያዊውን በ2022፣ ቡናማውን በ2024 አገኘሁ። አሁን ለጥቁር ቀበቶ ናጌ ኖ ካታ የሚባለውን፣ አጣጣሎች በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚታዩበትን ልምምድ እያጠናን ነው። በውስጡ በአምስት ምድብ የተከፈሉ 15 አጣጣሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በቀኝም በግራም ስለሚሠሩ ተጣዩ በአንድ ዙር 30 ጊዜ ይወድቃል። ፈታኞቹ በዋናነት የሚመዝኑት የሚጥለውን ነው፤ ነገር ግን ተጣዩ በትክክለኛው ቅጽበት በእውነት ካልገፋና በእውነት ካልወደቀ ጣዩ ምንም ሊያሳይ አይችልም። አናጺው ቀኑን ሙሉ እንጨት ተሸክሞ ውሎ፣ ጣቶቹን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ለእኔ ሲል ይወድቃል። አንዳንድ ቀን ሦስት ዙር ስንሠራ 90 ጊዜ መሆኑ ነው። እርሱም ከእኔ ቀጥሎ ለመፈተን ተመዝግቧል።

ዓርብ ተራው የእርሱ ነው፤ እኔ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ እመጣና 30 ጊዜ እወድቅለታለሁ።