ጎማው ጋ እንገናኝ (የአዲስ ዓመት መልእክት ከደሴ)

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት መውሊድን ላከበራችሁም፣ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው። ነገ ሐሙስ ዘመነ ማርቆስ ይገባል።

በየዓመቱ በዚህች ቀን የምጽፍላችሁ ይታወቃል። ሰላም፣ ጤና፣ ፍቅር፣ በረከት። አራቱን ቃላት ቦታ እያቀያየርኩ ስንት እንቁጣጣሽ አሳለፍኩባቸው! ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አማረኝ። የሰፈሬን ሰው "ለአዲሱ ዓመት ምን ትመኛላችሁ?" እያልኩ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ሰላምን የረሳ የለም። እሱ ከሁሉም በፊት ነው፣ ለምን እንደሆነ ወሎ ላለ ሰው አይነገረውም። ከሰላም ቀጥሎ የመጣው መልስ ግን ከጠበቅሁት በጣም ትንሽ ነበር። አንዲት እናት ትንሽ አሰቡና "ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል የሚሉት ውሃ፣ ማክሰኞ ሌሊት ይምጣ" አሉኝ። በቃ። ሎተሪ አላሉ፣ አሜሪካ አላሉ።

ስለ ውሃው ልንገራችሁ።

ዘንድሮ ሩፋኤል ሰኞ ላይ ዋለ። ጳጉሜን 3 ከሰኞ ገበያ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚመስል የደሴ ሰው ያውቀዋል። የዓመቱ የመጨረሻ ገበያ ነው። በግ የሚጎትተው፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለው፣ ሽንኩርት የተሸከመው፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው። እኔም ዶሮዬን ይዤ (ዋጋዋን አልነግራችሁም፣ በዓላችሁን አላበላሽም) ወደ ቤት ስመለስ የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ጠበቀኝ። ሰፈር ሳልደርስ ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ እንደ ወጉ ልብሳቸውን ጥለው ወጡ፣ የሩፋኤል ጠበል ነዋ! አዋቂውም አልቀረም። እሱ የወጣው ግን ባልዲ ይዞ ነው። ሳፋው፣ በርሜሉ፣ የቀለም ጣሳው ሳይቀር አሸንዳ ሥር ተደረደረ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ በርሜላቸውን እያስተካከሉ "ለናንተ ጠበል ነው፣ ለኔ የልብስ ማጠቢያ። ብቻ ይውረድ!" ብለው አሳቁን።

ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ሰማይ ሲያፈስብን ከርሞ ቧንቧችን ደረቅ መሆኑ ለእንግዳ አይገባውም። ለኛ ገብቶናል። ከተማችን ተዳፋት ላይ ነው የተሠራችው። ውሃው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣው በፓምፕ ተገፍቶ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም የኛ ፈረቃ ያልፋል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ተራው የሌላ ሰፈር ሆኗል። ስለዚህ እኛ ጋ መብራት ድርግም ሲል የመጀመሪያው ጩኸት "ሻማ የት አለ?" አይደለም። "ጀሪካኑ ሞልቷል?" ነው።

ሮቶ ያለው ቤት ይተርፋል። የሌለው ሮቶ ካለው ይቀዳል። እዚህ ላይ ጎረቤቴን ሐጂን ሳላመሰግን አላልፍም። እኚህ ሰው ውሃ በጠፋ ቀን የግቢያቸውን በር ዘግተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ተመካክረን "የቆጣሪውን እናዋጣ" ብንላቸው ተቆጡን። "ውሃ ይሸጣል እንዴ?" ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ቡና ጠሩን።

እንግዲህ ወደ ጎማው ልምጣ። የዚህ መልእክት ባለቤት እሱ ነው።

ካቻምና ክረምት ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ሰፈራችን ገብቶ ሲዞር የቦዩን ክዳን ለሁለት ሰነጠቀው። ጉድጓዱ ወገብ ድረስ ይጠልቃል። በመጀመሪያው ቀን ሰው እንዳይገባበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተከለበት። በማግስቱ አንድ ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ከጎሚስታ አሮጌ የመኪና ጎማ ለምኖ አመጣና አስቀመጠበት። የመንገድ መብራት ስለሌለን ማታ እንዲታይ ነጭ ቀለም ቀባው። "ለሁለት ሳምንት ያህል ነው" ተባለ። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈው።

አሁን ጎማው አድራሻችን ነው። ባጃጅ ተሳፍረን "ጎማው ጋ አውርደኝ" እንላለን። ቤት አከራዮች "ከጎማው ትንሽ ወረድ ብሎ" እያሉ ይጠቁማሉ። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ላይም ተጽፎ አይቻለሁ፣ ዋሸህ የሚለኝ ካለ ወረቀቱ ቤቴ አለ። ልጆች ክረምቱን ሙሉ መቀመጫ አደረጉት። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ አደይ አበባ ተሰክቶበት አየሁ። ማን እንደሰካው እስካሁን አልታወቀም።

ሳቁ ግን እስከ ሰኔ ነበር። ሰኔ ላይ አንድ አባት ሱብሒ ሰግደው ሲመለሱ፣ በጎማውና በክዳኑ መሃል ባለው ክፍተት እግራቸው ገባ። ተሰበሩ። የዚያን ቀን ሰፈሬን ብታዩት! ባጃጁ ያለ ክፍያ አደረሳቸው። ከዚህ ቤት አጥሚት፣ ከዚያ ቤት ሾርባ ሄደላቸው። ዱዓ ተደረገላቸው፣ በቤተክርስቲያንም ተጸለየላቸው። ጠያቂው ከመብዛቱ የተነሣ ልጃቸው "አባባ ትንሽ ይተኙበት" ብላ በር ላይ ቆመች።

ከዚያ ሦስት ሆነን ወደሚመለከተው ክፍል ሄድን። ሰኔ ነበርና "በጀት ተዘግቷል፣ ሐምሌ ኑ" ተባልን። እውነት ነው፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ ሄድን። "አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም።" ነሐሴ ሄድን። "በዚህ ዝናብ ኮንክሪት አይሞላም፣ መስከረም ይሁን።" እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ባለሙያውም ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ሳይሰጠን አናግሮን አያውቅም። ሦስቱ ልክ መልሶች ሲደመሩ ግን ጉድጓዱ እንደተከፈተ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ጎረቤታችን እትዬ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ጨሷል። አቦሉ ሲቀዳ ስለ ጎማው ተማረርን። ቶናው ላይ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። አንድ አስተማሪ ተከራይ አለ፣ በዓመት ውስጥ ሁለት ቤት ቀይሯል። በ2016 የወጣውን የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ በቃሉ ይዞታል። "ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል እኮ!" አለ። አከራይዋ ከጎኑ ተቀምጠው ፈንዲሻ እየዘገኑ ነው። "ዘይቱን ያስወደድኩት እኔ ነኝ?" አሉት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በሁለት ክፍል ኪራይ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ውላቸው አሁንም በቃል ነው። ስለ ቆሻሻው፣ ሱቆች በር ላይ ስለሚጮኸው ድምፅ ማጉያ፣ ሌሊት ስለሚያሳድዱን ውሾችም ተነሣ፣ ያን እናንተም በየሰፈራችሁ ስላላችሁ ልለፈው።

በረካው ላይ ተመረቀ። "ክፉ አይንካን፣ ጎረቤት አያሳጣን።" አሚን፣ አሜን። ስኒው ታጠበ፣ ወጣን። በሩ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው የታወቀኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጉድጓድ ያልተማረርንበት ቡና የለም። ምሬቱ ግን አንድም ቀን ከረከቦቱ አልፎ አያውቅም። አተላው ሲደፋ አብሮ ይደፋል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፣ ካስቀየምኳችሁ አውፉ በሉኝ። "ወሎ ፍቅር ነው" ስንባል ደስ ይለናል። እኔንም ደስ ይለኛል። ሐሰትም አይደለም። ጥቅምት 2014 ከተማችን ስትጨነቅ እኔ ቤቴን ቆልፌ ልጆቼን ይዤ ስወጣ ቁልፉን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስመለስ በሬ ተሰብሮ አገኘሁት። ሐጂ ግን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ቁልፌን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አንድም ቀን ከኪሳቸው አልወጣም። "በሩን ግን አልቻልኩም ልጄ" ብለው አንገታቸውን ደፉ። ያንን ቁልፍ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ፍቅራችንን የሚጠራጠር ካለ ያንን ቁልፍ አሳየዋለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሐጂ አሉ። ሰው ሲሰበር ባጃጁ አለ፣ አጥሚቱ አለ። ስለዚህ ማንም አይቸኩልም፣ ቢሮውም እኛም። ፍቅራችን ለዚያ ቦይ ክዳን ሆኖ እያገለገለ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እንግዳው ያመሰግነናል፣ እኛም እንመሰገናለን፣ ጎማው ቁጭ ብሏል።

ከተማችን ውስጥ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አለ። አይጠየፍ ይባላል። ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው ሁሉ ገብቶ ይበላበት ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው ይላሉ አባቶች። ሳልፍበት ሁልጊዜ ስሙ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳልፍ ግን፣ ንጉሡ ግብሩን "ጎረቤቶቻችሁ ያብሏችሁ" ብለው ቢተዉት ኖሮ አዳራሹ ይሠራ ነበር ወይ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

እና ምን አደረግን? ወረቀት ጻፍን። አስተማሪው አረቀቀው፣ ቋንቋው ትንሽ ተወሳሰበብኝ፣ ግን ይሁን። 23 አባወራና እማወራ ፈረምን። አከራይዋም ተከራዩም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ሐጂ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። "ክስ ነው እንዴ?" አሉ። ክስ አይደለም፣ "መስከረም ኑ ብላችሁን ነበር፣ መጣን" የሚል ነው ስንላቸው ፈረሙ። እግራቸው የተሰበረው አባትም በምርኩዝ እሄዳለሁ ብለዋል። ልጃቸው ከለከለቻቸው፣ የሚሰሟት አይመስለኝም።

ነገ ዶሮውም ድፎ ዳቦውም ይደርሳል። ልጆች አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ ዝርዝር ብር አዘጋጁላቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለቡናና ለዳቦ ይመጣሉ፣ የነሱን በግ ለብቻው የሚያርደው ሰውም ተነግሮታል። ከሩቅ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሆነ ዓረብ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የሰፈሬ ልጆች፣ እናቶቻችሁ ደኅና ናቸው። ደውሉላቸው። ውሃ ስንጠብቅ ስለምናመሽ ማታም አይተኙም።

እዚሁ ያላችሁ ደግሞ ሰኞ መስከረም 5 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አብረን እንሂድ። ገበያ ከመግባታችሁ በፊት ነው፣ አናቆያችሁም። መገናኛችን ጎማው ጋ። ስትመጡ በግራ በኩል እለፉ፣ በቀኝ በኩል አሁንም ክፍት ነው።