ማስኪን በከተማ ሐይቅ ማጥመድ

ዛሬ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በሐሪየት ሐይቅ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር በቀዘፋ ጀልባ ሆነን ማስኪ የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ስናጠምድ ዋልን። ወዳጄ የያዘው ዓሣ ከአንድ ሜትር ቢበልጥም የሚኒሶታ ሕግ ለማስኪ ከወሰነው የ54 ኢንች ዝቅተኛ ልክ፣ ማለትም ከ137 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስላልደረሰ መለቀቅ ነበረበት፤ ልኩን ቢያልፍም እንደሚለቀው ግን አልጠራጠርም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ጥንቃቄው ነው። ዓሣው በረጅም ትግል እንዳይዝል ጠንካራ ዘንግና ወፍራም ክር ይጠቀማል፤ የዓሣው ስለታም ጥርስ ክሩን በጥሶ መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ እንዳይሄድም ጫፉ ላይ ሽቦ ያስራል። ከያዘው በኋላ ጎማ በተቀባ ሰፊ መረብ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ መንጠቆዎቹን በረጅም ፒንሳ አወጣ፤ አልወጣ ያለውን አንዱን ደግሞ በሽቦ መቁረጫ ቆረጠው። ዳር ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ዓሣውን ከፍ አድርጎ እንዲያሳያቸው ቢጮኹም (በከተማ ሐይቅ ተመልካች አይጠፋም) እጁን አርጥቦ፣ ሆዱን ደግፎ፣ አግድም ይዞ ለአንድ ፎቶ ያህል ብቻ አነሣው። እንዲህ ያለውን ከባድ ዓሣ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥሎ ማቆም የውስጥ አካሉን ይጎዳል። ከዚያም ራሱ ታግሎ እስኪሄድ ድረስ የጭራውን ሥር ይዞ በውኃው ውስጥ አቆየው።

የውኃው ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚቀንስና የደከመ ዓሣ ለማገገም ስለሚቸገር፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ማስኪ ማጥመዱን እንደሚያቆም ነግሮኛል።