የማንቆርቆሪያው ቅርፊት

ታናሽ እህቴ ትናንት ማታ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «አንቺ እኮ ድንጋይ ነሽ» አለችኝ። በመካከላችን ያለ አንድ የቆየ ነገር አንስታ ነው። ዛሬ ማለዳ መልስ ልጽፍላት ተነሣሁ። ፊት ለፊት ስቆጣ ቃል ይጠፋኛል፣ በወረቀት ላይ ግን እሳት ነኝ። አስቀድሜ ውሃ ልጥድ ብዬ ማንቆርቆሪያውን ከፈትኩት፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሬ ሞከርኩት፣ አልለቀቀም። ድንጋይ ነው። የስድብ ሳይሆን የእውነት ድንጋይ።

ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ያው ነገር። ስኳር ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟል፤ ይህ ግን ሲሞቅ ከውሃው ይለያል። ነገሩ የጋዝ ነው። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፣ ደካማ አሲድ ይሆናል፣ ከምድር በታች የኖራ ድንጋዩን እየበላ ያልፋል። የተበላው ድንጋይ ውሃው ውስጥ አለ፣ ዓይን ግን አያየውም። ጋዙ አብሮት እስካለ ድረስ እንደተሰወረ ይኖራል። ውሃው ፈልቆ አየር ሲያገኝ፣ ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲሞቅ፣ ጋዙ ያመልጣል፤ ድንጋዩም መያዣ አጥቶ ይዘቅጣል።

እዚህ ላይ ስደርስ «አንዱ ሲሄድ የሚቀረው ድንጋይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣልኝ። ለደብዳቤው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። ጋዙ ማንንም አስከፍቶ አልሄደም።

በቱርክ ፓሙካሌ 35 ዲግሪ ገደማ የሚሞቀው ፍል ውሃ በተዳፋቱ ላይ ሲወርድ የሚሠራው ነገር ይገርመኛል። የኩሬው ጠርዝ ላይ ውሃው ሲንደረደርና ሲናወጥ ጋዙ ቶሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ብዙው ድንጋይ የሚጋገረው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ከፍ ይላል፣ ኩሬው ይጠልቃል። ውሃው ራሱን የሚያግድበትን ግድብ ራሱ ይገነባል ማለት ነው። (ይህንንም ለደብዳቤው አስቤው ነበር፤ ተውኩት።)

ሙቀት ግን ግዴታ አይደለም። በቻይና ሲቹዋን፣ ሁዋንግሎንግ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲህ ያሉ ኩሬዎችን ሠርቷል። ከፍታው ራሱ ያግዛል፤ በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው ጋዙን ይዞ የመቆየት አቅሙ ያንሳል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ላይ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን እያተነኑ የቀረውን ያወፍሩታል። በአርጀንቲና አንዲስ ተራሮች በምትገኘው ላጉና ኔግራ ሐይቅ፣ ደቂቃን ሕዋሳት እየተሳተፉበት፣ እንደ ሽንኩርት በሽፋን ላይ ሽፋን የደረቡ ድቡልቡል ጠጠሮች ይፈጠራሉ።

ከሁሉም የማልተወው ግን በካሊፎርኒያ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሞኖ ሐይቅ ነው። ከሥሩ ካልሲየም ያዘለ ምንጭ ይፈልቃል፤ ሐይቁ ደግሞ ካርቦኔት የሞላበት ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ቱፋ የሚባለው ድንጋይ እንደ ማማ ወደ ላይ ያድጋል፤ ያውም ውሃው ውስጥ ተደብቆ። ሰው አብዛኞቹን ያያቸው እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የሐይቁ ገባር ወንዞች ወደ ሎስ አንጀለስ ስለተጠለፉና ውሃው ስለሸሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሐይቁ ተመልሶ ከፍ እንዲል ተወሰነ። ሲሞላ ከማማዎቹ አንዳንዱ ይሰጥማል። እኔ የትኛውን ልመኝ? ሐይቁ እንዲድን እፈልጋለሁ፤ ማማዎቹንም ማየት እፈልጋለሁ።

ቀና ስል ማንቆርቆሪያው ውሃውን ጨርሶ ይንጫጫል። ቅርፊቱ አንድ ሽፋን ሳይጨምር አልቀረም። ደብዳቤው «ውድ እህቴ» ከሚለው አላለፈም፤ ቁጣዬንም ከየት እንደምጀምረው ጠፍቶኛል።

ደግሞስ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው? ትራቨርቲን የሚባለው፣ እንደ ፓሙካሌ ያለ ፍል ውሃ የሚጋግረው ድንጋይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሮማ ኮሎሲየም የቆመው በእርሱ ነው። ቱፋ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ደውዬ «የትኛውን ማለትሽ ነበር?» ብላት እንደገና ትዘጋብኝ ይሆን?