ከወሊድ ፈቃድ በኋላ ያሉት ወራት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እንደ እኛ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት 90 ቀን 15 ሳምንት ነው፤ እናትየዋ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ አራት ወር እንኳ አልሞላውም ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ግን ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። አዋጁ ስለ ማጥቢያ ሰዓት ስለማይናገር፣ በመካከል የሚቀሩት ከሁለት ወር በላይ የሆኑ ጊዜያት የሚያልፉት በቅርብ አለቃ ደግነት ነው፤ አለቃ ደግሞ ይቀያየራል።

በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። መልካም ነው። ይሁንና ሃያ ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት ማቆያ ይክፈት ብሎ መሟገት ምንም ላለማድረግ ምክንያት መስጠት ይመስለኛል። ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ፍሪጅ ይበቃሉ።

ፍሪጁን የቅንጦት ዕቃ አድርጎ የሚያይ ሰው የድሬዳዋን ሙቀት ረስቶታል። የታለበ የጡት ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለአራት ሰዓት ያህል፣ በፍሪጅ ውስጥ ግን እስከ አራት ቀን ይቆያል። በግንቦት ከቀትር በኋላ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ውስጥ እንዲህ የሚቀዘቅዝ ቢሮ ማግኘት ዘበት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመዝገብ ቤት ውስጥ ሌላዋ በሩን ተደግፋ እየጠበቀችላት ታልብና፣ ወተቱን በበረዶ መያዣ ይዛ በባጃጅ ወደ ቤት ትልከው ነበር። ጡት በየጊዜው ካልታለበ ያብጣል፣ ያማል፤ የሚያመነጨውም ወተት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሻይ ሰዓት እስኪደርስ ታገሺ ማለት ምክር አይደለም።

ቤት ያሉትንም ማስረዳት ያስፈልጋል። አያቶች አዝነው «በዚህ ሐሩር ውኃ ይጠማዋል» ይላሉ፤ ነገር ግን የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ እንደ ልቡ የሚጠባ ሕፃን በሙቀትም ቢሆን ተጨማሪ ውኃ አያስፈልገውም። የታለበውንም በንጹሕ ሲኒ ማጠጣት ከጡጦ ይሻላል፤ ጡጦን በሚገባ ማጽዳት አስቸጋሪ ነውና።

የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው ድርጅቶች የማጥቢያውን ሰዓትና ክፍሉን በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ሊያስገቡ ይችላሉ። የእኛ ማኅበር በሚቀጥለው ድርድር ከደመወዝ ጭማሪው ጥያቄ ጋር እንዲያቀርበው ጠይቄአለሁ።