አከራካሪ ዘጋቢ ፊልም የመራጩን ድምፅ መቀየሩን የምለካው እንዴት ነው

ምርጫ ሲቃረብ አነጋጋሪ ዘጋቢ ፊልም ይወጣል። ደጋፊው «ምርጫውን ገለበጠው» ይላል፤ ተቃዋሚው «ሕዝቡን አሳሳተው» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። ይህን በመጠይቅ ለመለካት ስነሳ «ሲኒማ በር ላይ ቆመህ ተመልካች አትጠይቅ» የሚለኝ ሰው ባገኝ ብዙ ገንዘብና ድካም ይተርፍ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ቀላሉን ልጨርስ። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ናሙናውን ከመራጮች መዝገብ በዕጣ አውጡ። መጠይቁን አጭር አድርጉት፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት፤ የሚያደናግረውን ጥያቄ ጣሉት። ጠያቂዎቹ የየትኛውም ፓርቲ ልብስም ሆነ ምልክት አይኑርባቸው። የሰውን የቀድሞ አቋም የሚመዘግበው የመነሻ ጥናት የፊልሙ ማስታወቂያ ከመለቀቁ በፊት ይጠናቀቅ፤ ማስታወቂያው ወጥቶ የተሰበሰበ መልስ መነሻ አይባልም።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ቢሮ መመሪያ፣ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «ፊልሙ ሐሳብዎን ቀይሮታል?» ተብሎ እንዲጠየቅ ያዛል። መመሪያው በሦስት በኩል ስህተት ነው፤ ሦስቱም ዛሬ ድረስ ያናድዱኛል።

አንደኛው የሚመጣው ሰው ማንነት ነው። መንግሥትን የሚወቅስ ፊልም ለማየት ትኬት ቆርጦ የሚሰለፈው በአብዛኛው ቀድሞ የወሰነ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በእሱ ናቸው) በ2004 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቡሽን የነቀፈው «ፋረንሃይት 9/11» በሰኔ ወር ወጥቶ በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ወደ 119 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ለዘጋቢ ፊልም ያልታየ ገቢ ነበር። ኅዳር 2 ቀን ቡሽ 50.7 ለ48.3 በመቶ አሸነፉ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ፊልሙ ምንም አላመጣም» ይላል። ይህም አያስኬድም። ፊልሙ ባይኖር ልዩነቱ ሊሰፋም ሊጠብም ይችል ነበር፤ የሰልፉ ርዝመትም ሆነ የምርጫው ውጤት ብቻውን ይህን አይነግረንም። የሚነግረን ፊልሙን ካላየ ተመሳሳይ ሰው ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ነው። ሰው ትናንት ምን ያስብ እንደነበር በትክክል አያስታውስም። «ቀይሮኛል» የሚለው ብዙ ጊዜ «ፊልሙን ወድጄዋለሁ» ማለቱ ነው፤ «አልቀየረኝም» የሚለውም «ማንም አያታልለኝም» ማለቱ ነው። የቆየ ተቃዋሚ ደግሞ ይበልጥ ተናዶ ሲወጣ «አዎን» ይላል፤ ድምፁ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። በ2006 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የገዥ ምርጫ ወቅት የቴሌቪዥን ቅስቀሳ ማስታወቂያ የሚተላለፍበት ቦታና ጊዜ በዕጣ ተመድቦ ተጠንቶ ነበር። ማስታወቂያው መጀመሪያ ላይ ትልቅ ለውጥ አሳየ፤ በሳምንት ውስጥ ግን አብዛኛው ጠፋ። በበሩ ላይ የሚለካው ገና ትኩስ የሆነው ስሜት ነው፤ ምርጫው ሦስት ሳምንት ከቀረው ያ ቁጥር አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ አስረዳሁ። የተሰጠኝ መልስ ሪፖርቱ ጎላ ያለ መቶኛ እንደሚፈልግ ነበር። ያን መቶኛ አንድ ጋዜጣ ቢያወጣው፣ ፊልሙ ይታገድ የሚል ባለሥልጣን ማስረጃ አድርጎ ይዞት ይቀርባል። ቢሮው ይህ አላሳሰበውም።

«ያየና ያላየን በዕድሜና በትምህርት ደረጃ አስተካክሎ ማነጻጸር ይበቃል» የሚል ምክርም በየመመሪያው አለ። አትስሙት። ሰውን ወደ ፊልሙ የሚስበው ለፖለቲካ ያለው ስሜት ነው፤ ያን በዕድሜና በትምህርት አታስተካክሉትም።

የሚሠራው በዕጣ መመደብ ነው። ግማሹን ናሙና ብቻ ነፃ ትኬት ሰጥቶ መጋበዝ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሂሳቡን አስቡት። ከተጋበዙት 40 በመቶ፣ ካልተጋበዙት 10 በመቶ ቢያዩት የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት 30 ነጥብ ብቻ ነው። ፊልሙ ያየውን ሰው በ10 ነጥብ ቢያንቀሳቅሰው፣ በጠቅላላው ቡድን የሚታየው 3 ነጥብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት በእርግጥ ካለ ጥናቱ በ80 በመቶ ዕድል እንዲይዘው በየቡድኑ ወደ 4,400 ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሁለት አዳራሽ እመርጣለሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥሪ ይደርሳል፤ የፊልሙ ርዕስ አይነገርም፣ ፖለቲካ ነክ ሊሆን እንደሚችል ግን ይነገራል። የመጣው ሰው በር ላይ ዕጣ ያወጣል። በአንዱ አዳራሽ አከራካሪው ፊልም፣ በሌላው ርዝመቱ እኩል የሆነ ከፖለቲካ የራቀ ፊልም ይታያል። ያልመጣው ከሁለቱም በእኩል ስለሚቀር፣ ያንኑ 10 ነጥብ ለመያዝ በየአዳራሹ ወደ 400 ሰው ይበቃል፤ 5 ነጥብ ከሆነ ወደ 1,600። የመጡት ከሕዝቡ ሁሉ ጋር አንድ አይደሉም፤ ይህን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉ።

የክትትሉ ጥያቄ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም ድምፅ መስጫው ሊደርስ ሲል ይደረግ። ጥያቄው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ዕጩዎቹ ይሁን። በስልክ የሚዘዋወሩ ቁርጥራጮች የሁለተኛውን አዳራሽ ሰዎች ስለሚያገኙ፣ መጨረሻ ላይ የትኞቹን ትዕይንቶች እንዳዩ ጠይቁ፤ ከመካከላቸው ፊልሙ ውስጥ የሌለ አንድ ትዕይንት ጨምሩበት። «አይቻለሁ» የሚለው ምን ያህል እንደሚታመን ያኔ ይታያል። ከአንዱ አዳራሽ መልስ መስጠት ያቆሙት ከሌላው በጣም ከበዙ ውጤቱን አትመኑት። ጠባብ ፉክክር ባለበት ትንሽ ወረዳ ደግሞ ይህን ጥናት ጨርሶ አታድርጉ፤ የሌላውን ሰው ምርጫ ለሙከራ ማናጋት አይፈቀድም።

ከድምፅ ውጭ ያለውን ተጽዕኖ ማንም መጠይቅ አይዘውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ያንኑ የ2004 ፊልም የከሰሰው ሲቲዝንስ ዩናይትድ የተባለ ወግ አጥባቂ ድርጅት ነበር፤ የፊልሙ ማስታወቂያ የምርጫ ሕግ ይጥሳል ብሎ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን አመለከተ፣ ኮሚሽኑም አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ድርጅቱ በ2008 የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩትን ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ የራሱን ፊልም ሠራ። በ2002 የወጣው የምርጫ ገንዘብ ሕግ ፓርቲዎች ዕጩ ከሚለዩበት ቅድመ ምርጫ በፊት ባሉ 30 ቀናት፣ ከጠቅላላ ምርጫ በፊት ባሉ 60 ቀናት በኩባንያ ገንዘብ የተሠራ መሰል ሥርጭት ይከለክል ነበርና ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 2010 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ክልከላውን ሻረ፤ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ለምርጫ ቅስቀሳ ራሳቸውን ችለው ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያወጡ መንገዱ ተከፈተ። የሂላሪን ፊልም ያየው ሰው ቁጥር ከ«ፋረንሃይት» ተመልካች በጣም ያነሰ ነበር፤ ሕግ ያስቀየረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ጥናታችሁ ላይ የተመልካች ሠንጠረዥ ብቻ አታስቀምጡ፤ ፊልሙ ያስነሳውን ክስ፣ የእገዳ ትእዛዝ፣ ይግባኝና የሕግ ማሻሻያ በየቀኑ መዝግቡ፤ መዝገቡም ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ክፍት ይሁን።